አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት

ልጅቱ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ የወደቀች ዕለት እህተማርያም አልጮኸችም። በኋላ ሰው ሁሉ የጠየቃት ይህንኑ ነው፤ እናት ሆና እንዴት ሳትጮኽ ቀረች? መልሱን ለማንም አልሰጠችም እንጂ ነገሩ ቀላል ነበር። አልደነገጠችም። ያንን አወዳደቅ ታውቀዋለች። ዌስት ሴንት ፖል ያለውን አፓርትመንት ከተከራዩ ጀምሮ በረንዳውን ባየች ቁጥር ልጇን ከዚያ ትጥላታለች፤ አንዳንዴ በራሷ፣ አንዳንዴ በጀርባዋ፣ አንዴ ደግሞ ከነብስክሌቷ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስትጥላት ስለኖረች፣ የእውነቱ ሲመጣ ከአፏ የወጣው «ይኸው» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ነው፣ ፌብሩዋሪ 2019፤ በረዶው ከመኪና ጎማ በላይ የተከመረበት ወር። እህተማርያም ከምትሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ የጠዋት ሽፍቷን ጨርሳ፣ ከሮበርት ስትሪት እንቁላልና ወተት ገዝታ፣ ፓርኪንጉን እያቋረጠች ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ትሕትና ከጎረቤታቸው ከከሚሪያ ጋር ነው የዋለችው። ከሚሪያ ድስት ልታወርድ ወደ ምድጃው ዞር ስትል፣ ልጅቱ የበረንዳው ብረት ላይ የቀረ ጓንቷን ልታነሣ ወንበር ላይ ወጣች። ከዚያ ወረደች።

ወረደች፤ ግን አልደረሰችም። ከመሬቱ ከፍ ብላ፣ የአዋቂ ሰው ደረት አካባቢ ስትደርስ፣ በሆዷ እንደተዘረጋች ጓንቷን ይዛ አየር ላይ ቆመች። እህተማርያም እንቁላሉ እንዳይሰበር ፌስታሉን በቀስታ መሬት አስቀመጠች። አሥራ አራት እርምጃ ሄደች። ልጇን ከአየር ላይ፣ ከገመድ ላይ የደረቀ ልብስ እንደምታነሣ፣ አንሥታ ታቀፈቻት። እንደ ባዶ ጃኬት ቀለለቻት።

«እማዬ፣ ዲድ ዩ ሲ ዛት?» አለች ትሕትና።

«አይቻለሁ። ቤት ግቢ።»

ደብዳቤው በአሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ፖስታው ላይ የካውንቲው ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ የፊዚክስ ሕግ ጥሰት ክፍል የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እህተማርያም ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀደደችው። ሁለት ክስ ነው። አንደኛው፣ በመውደቅ ላይ ያለን አካል ያለ ምንም ድጋፍ ለአሥራ አንድ ሰከንድ አቁሞ መያዝ። ሁለተኛው፣ የተጀመረን ውድቀት ሳይፈጸም ማስቀረት። ከዚያ በደማቁ የተጻፈ መስመር ነበር፤ ውድቀቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልተፈጸመ ሕጉ ራሱ በመረጠው ቦታና ሰዓት ይፈጽመዋል።

ከዚህ በላይ አላነበበችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ከፍራሹ ሥር ከተተችው፤ ከዚያ ተነሥታ የበረንዳውን በር ቆለፈች፤ ቆልፋም ወንበር አስደገፈችበት።

ሕጉ በመረጠው ቦታና ሰዓት። ታዲያ የት አይመርጥም? የትምህርት ቤቱ ደረጃ አለ። የአውቶቡሱ መወጣጫ አለ። መታጠቢያ ቤት አለ። እህተማርያም ከዚያ ቀን ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም። ሥራ ላይ የአንዷን አሮጊት ካልሲ እያጠለቀች ሐሳቧ ትምህርት ቤት ነው። ቤት ስትገባ ደግሞ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ትመላለሳለች። ባሏ አለልኝ ትራክ ይዞ ነብራስካ ነበር፤ በደወለ ቁጥር «ሰላም ነን» ትለዋለች። እሱ እየነዳ መስማት የለበትም።

ከሁሉ የባሰው ልጅቱ ራሷ ናት። ያ ያላለቀ ውድቀት ላይዋ ላይ ቀርቷል። በረዶ ላይ ስትሄድ ዱካ የላትም። እናቲቱ ከኋላዋ ስትከተላት የራሷ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይሰምጣል፤ ከፊቷ ያለው በረዶ ግን እንዳልተነካ ሊጥ ልሙጥ ነው። ከሥር ያሉት ጎረቤት ሚስተር ኦልሰን እንኳ ዝም ብለዋል። እኚህ ሽማግሌ ትሕትና ከሶፋ በዘለለች ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን የሚደበድቡ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት እህተማርያምን ያሳቀቃት ያ ድብደባ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ጠፋ። ልጅቱ ትዘላለች፤ ድምፅ የለም። እህተማርያም ነፋስ ይወስድብኛል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ጣሳ ቲማቲም ትከትላት ጀመር።

«እማዬ፣ ኪድስ አር አስኪንግ» አለች ትሕትና። «ዋይ ዱ አይ ሀቭ ቶሜቶ?»

«ለጤና ነው በያቸው።»

ለቢሮው መደወል የሚባል ነገር በሐሳቧ አልመጣም። ቢሮ ይጠራሃል እንጂ አንተ ቢሮ አትጠራም፤ ይህንን ተምራ ነው ያደገችው። ስለዚህ ሰው ጠየቀች። የሥራ ባልደረባዋ ሮማን «ምንም እንዳትፈርሚ፣ እንግሊዝኛ አልችልም በያቸው» አለቻት። ከሚሪያ ደግሞ የራሷ ታሪክ ነበራት።

«የኩን ራፒድሱን ሂርጳን ታውቂው የለ?» አለች ከሚሪያ፣ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ። «በአንድ ሰዓት ሁለት ሥራ ላይ የመግቢያ ካርድ ፓንች ሲያደርግ ያዙት። መጋዘንም አለ፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግም አለ። አንድ አካል በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይገኝም አሉት።»

«ምን አደረጉት?»

«የሰረቅከውን ሰዓት መልስ አሉት። ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ተኝቶ መለሰ። ወላሂ፣ ወፍሮ ነው የተነሣው።»

እህተማርያም አልሳቀችም። ከሚሪያ ይህንን ስታይ እግሯን አወረደች። ድስቱን ለማውረድ ዞር ያለችበት ያ አንድ ደቂቃ ለእሷም የእግር እሳት ሆኖባታል፤ ቀልዱን የምታበዛውም ለዚሁ ነው።

«ስሚኝ እህተ። ጋሽ ፍቅሬን ላምጣቸው። ነቀምት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። እኔንም በአሥረኛ ክፍል ጥለውኛል።»

«ኤርፖርት ቫን የሚነዱት?»

«እሳቸው። አሁንም ፈተና ላይ ያለሁ ይመስል ሲያዩኝ እደነግጣለሁ።»

ጋሽ ፍቅሬ እሑድ ከሰዓት መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ሻይ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ደብዳቤውን ጠየቁ። እህተማርያም ከፍራሹ ሥር አውጥታ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ዘረጉ፤ አነበቡ፤ ገለበጡት፤ እንደገና አነበቡ።

«የጀርባውን አይተሽዋል?»

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

«ስንት ቀን ሆነው ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ?»

«ሃያ ሦስት።»

«በሃያ ሦስት ቀን አንድ ወረቀት መገልበጥ አቃተሽ?»

«የፊቱ በቃኝ።»

ሽማግሌው ለማስተማር ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉ። «አንቺ ከሦስተኛ ፎቅ ድጋሚ ትጣል የተባለ መስሎሻል። እንደዚያ አይደለም። የወረደችውን ወርዳለች። ያ ተቆጥሮላታል። የቀራት ይኸው፤ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት ሳንቲሜትር። አሜሪካኖች ሲጨነቁ ብቻ ነው በሜትር የሚጽፉት።»

«አንድ ሜትር?» አለች ከሚሪያ። «ልጅቱ በቀን አሥር ጊዜ ከሶፋ ትዘል የለ እንዴ!»

«ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቱ ስትወርድ ተከሳሿ ቦታው ላይ መገኘት አለባት። በእጇም በሐሳቧም ልትይዛት አይፈቀድላትም።»

እህተማርያም ቀና አለች። «በሐሳቧም?»

«በእጅሽ አይደለም እኮ ያቆምሻት፣ ልጄ። በአሥራ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሽ።»

ወዲያው ሞከሩት። የምግብ ጠረጴዛውን ወደ ምንጣፉ ሳቡ፤ ትሕትና ወጣች፤ ጋሽ ፍቅሬ እስከ ሦስት ቆጠሩ። ልጅቱ ዘለለች፤ አየር ላይ ቆመች። ጸጉሯ ወደ ላይ እንደተበተነ፣ እጇ እንደተዘረጋ፣ እየሳቀች። እህተማርያም ግድግዳው ሥር ዐይኗን ጨፍና ነበር፤ ዐይኗን መጨፈኗ ግን አባሰው። ጭንቅላቷ ውስጥ የልጅቱ አገጭ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ፣ ጥርስ ሲበተን፣ አምቡላንስ ሲመጣ ታየ፤ ይህ ሁሉ በታየበት ፍጥነት ደግሞ ልጅቱ ጸጥ ብላ ተሰቀለች። ከሚሪያ ተቀብላ አወረደቻት። በሁለተኛው ያው ሆነ። በሦስተኛው ልጅቱ አየር ላይ እንዳለች «ዚስ ኢዝ ኦሰም» አለች።

«ሌላ ነገር አስቢ» አለች ከሚሪያ። «ስለ ሥራ አስቢ። ስለ እኔ አስቢ።»

«አስባለሁ። አንቺንም ስትወድቂ ነው የማይሽ።»

ጋሽ ፍቅሬ ኮፍያቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ሠላሳው ቀን መቼ ነው የሚሞላው?»

«የፊታችን እሑድ።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉና ሄዱ።

ያ ሳምንት ለእህተማርያም እንቅልፍም ምግብም አልነበረውም። አልጋ ላይ የልጇን እግር በነጠላ ከራሷ ወገብ ጋር ታስራለች። ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ትከተላታለች፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆማ ትቀራለች፤ ሾፌሩ አንዴ የረሳችው ነገር እንዳለ ጠየቃት። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤት ደውላ ልጇ ደረጃ እንዳትወጣ አደራ አለች። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ጠየቀቻት። «ትወድቃለች» አለች እህተማርያም። «ወድቃ ታውቃለች?» አለች ጸሐፊዋ። እህተማርያም ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ፍቅሬ ቫናቸውን ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ልጅቱ የቆመችበት ቦታ አጠገብ አቆሙ። ወርደው የኋላ በሩን ከፈቱና ጥቁር የጎማ ማስደገፊያ ድንጋይ አወጡ።

ከሚሪያ አየችው። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ታኮ ያደርጋሉ? ሚኒሶታ እኮ ሜዳ ነው።»

«መኪና ከቆመ ታኮ ይደረግለታል። ሜዳ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው የሚነጠቀው።» ድንጋዩን ለማስተማሪያ እንደያዙት ሁሉ ከፍ አደረጉት፤ የበግ ጭንቅላት የሚያህል፣ በአንድ ጎኑ ዘይት የነካው ድንጋይ ነው። «እህተማርያም፣ የበደለ ሰው አገራችን ምን ያደርጋል?»

እህተማርያም ገባት። ልጅ ሆና አይታዋለች፤ ሰው የገደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሟቹ ወገኖች ደጃፍ ሲንበረከክ፣ «አውርድ» እስኪሉት ድረስ ቀና ሳይል። «ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

«የበደልሽውን። የሚወድቅን ሁሉ ወደ ራሱ የሚጠራውን። ሥርዓቱ ነው፤ ሕግ የጣሰ ሰው በሽማግሌ ይታረቃል። እዚህ ያለሁት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ምስክሯ ከሚሪያ ናት።»

«እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ የወደቅኩ ነኝ፣ ይቆጠራል?» አለች ከሚሪያ። ማንም ስላልሳቀላት አፏን በስካርፏ ሸፈነች።

ጋሽ ፍቅሬ ሜትር አውጥተው የቫኑን ኮፈን ቁመት ለኩ። በአንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ላይ ቆመ። የመኪናውን ምንጣፍ አጥፈው ከላዩ አነጠፉና እንደገና ለኩ። «ልክ ሆነ» አሉ። ትሕትናን አንሥተው አወጧት። ልጅቱ ቲማቲሙ ከቦርሳዋ ስለወጣ ደስ ብሏታል፤ ቆማ ትወዛወዛለች።

እህተማርያም በረዶው ላይ ተንበረከከች። ቅዝቃዜው በአንድ ጊዜ ጉልበቷ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አስቀመጡላት፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አዙራ ያዘችው። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው፤ ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል።

«በይ ተናገሪ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

«በድያለሁ።»

«ቀጥዪ።»

«በድያለሁ። ማሩኝ። ግን ነገም ብትወድቅ እይዛታለሁ።»

ጋሽ ፍቅሬ ተነፈሱ። «ልጄ፣ ይቅርታ እንደዚህ አይጠየቅም።»

«ታዲያ ልዋሽ?»

መኪና ሮበርት ስትሪት ላይ ጨው እየበተነ አለፈ። ከሚሪያ በእግሯ በረዶ ትቆፍራለች። በመጨረሻ ጋሽ ፍቅሬ ጎንበስ ብለው፣ ልጅቱ እንዳትሰማ ያህል፣ «አትዋሺ» አሏት። «ይቅርታውን ተይው። ድንጋዩን ብቻ ያዢ።»

«ዝለዪ፣ ትሕትና» አለች ከሚሪያ። «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ።»

ልጅቱ ዘለለች። ቆመች።

እህተማርያም ቀና ማለት ስለማትችል የምታየው የልጇን ቦት ጫማ ብቻ ነበር፤ ከበረዶው በላይ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ ማሰሪያው ተፈትቶ። ማሰሪያውን ስታይ ሐሳቧ ተነሣ፤ በማሰሪያው ትጠለፋለች፣ በግንባሯ ትወድቃለች፣ ከበረዶው ሥር ያለውን ሲሚንቶ ማን ያውቃል? ቦት ጫማው አልተነቃነቀም። ድንጋዩ ግን ተነቃነቀ። የጓንቷ መዳፍ ላይ የነበረው በረዶ በሙቀቷ ቀልጦ አሙለጨለጨው፤ ድንጋዩ ከማጅራቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ተንሸራተተ። ጠበቅ አደረገችው። እንደገና ተንሸራተተ። ክብደቱ አንገቷን ወደ ታች ተጫነው፤ አንዳች ነገር ከጆሮዋ ሥር ቋ አለ፤ «አንገቴ» አለች በልቧ፤ «አንገቴን ሊሰብረው ነው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሷ ፈርታ አታውቅም። ለመፍራት ጊዜ አልነበራትም። አሁን ፈራች። ስለ አንገቷ፣ ስለ ጀርባዋ፣ ሰኞ የምታነሣቸውን አሮጊቶች በምን ወገብ እንደምታነሣ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ መጣና ሌላውን ሁሉ ገፍቶ አስወጣው።

ዱብ አለ።

ከዚያ ልቅሶ ተሰማ። የቆየ፣ የታወቀ፣ ሙሉ ክብደት ያለው የልጅ ልቅሶ ነው። እህተማርያም ልትነሣ ስትል ጋሽ ፍቅሬ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጫኑ። «ገና አልተባለም።»

«ልጄ እኮ ናት የምታለቅሰው!»

«ስለዚህ ደኅና ናት። ሥርዓቱን አትስበሪው። አውርጂ እስኪባል ነው።»

«ማን ነው የሚለው? ማን አለ እዚህ?»

ለዚህ ሽማግሌውም አልተዘጋጁም ነበር። ነቀምት ቢሆን የሟች ወንድም ነበር፣ አባት ነበር። ወደ መሬቱ ተመለከቱ፤ መሬቱ ምንም አላለም። ያን ጊዜ ቦት ጫማዎቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ በረዶው ይንኮሻኮሻል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከኋላው ጉድጓድ ይተዋል። ትሕትና እናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ከንፈሯን በጥርሷ ነክሳዋለች፤ ደም አገጯ ላይ ወርዷል።

«እማዬ፣ ፑት ኢት ዳውን።»

እህተማርያም በዐይኗ ጠርዝ ሽማግሌውን አየች። ሽማግሌው ልጅቱን አዩ።

«በአማርኛ በያት» አሉ ጋሽ ፍቅሬ። «አውርጂ በያት።»

ልጅቱ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «አውርጂ» አለች፣ ቃሉን በፈረንጅ ምላሷ እያኘከችው።

እህተማርያም እጇን ለቀቀች። ድንጋዩ በትከሻዋ በኩል ወርዶ በረዶው ውስጥ ገባና ጠፋ።

ከደብዳቤው ጀርባ ያለውን ቅጽ ኮፈኑ ላይ ሞሉት። ጋሽ ፍቅሬ ውድቀቱ መፈጸሙን፣ ቀሪው ርቀት ዜሮ መሆኑን ጽፈው ፈረሙ፤ ከሚሪያም ፈረመች፤ ጉዳት የሚለው ቦታ ላይ «ከንፈር» ብላ በእንግሊዝኛ አስገባች። ከዚያ ጋሽ ፍቅሬ ድንጋያቸውን ቆፍረው አወጡ፤ ጠርገው ቫናቸው ውስጥ መለሱት። ከሚሪያ አንድም ቀልድ ሳታክል እጃቸውን ስማ ሸኘቻቸው።

እናትና ልጅ ደረጃውን ወጡ። እህተማርያም ከኋላ ሆና አንገቷን ይዛ እያንዳንዷን እርምጃ ታዳምጣለች። የከንፈሩ ቁስል ቢመግልስ? ስፌት ቢያስፈልገውስ? ነገ እሑድ ነው፤ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ቤት ገብተው በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ከንፈሯ ላይ ያዘችላት። ልጅቱ ሲሰለቻት አመለጠችና ሶፋው ላይ ወጣች፤ እናቷ «ተይ» ሳትል ዘለለች።

ወለሉ ተናወጠ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ትንሽ ቆይቶ ከሥራቸው፣ ከሚስተር ኦልሰን ጣራ፣ የመጥረጊያው እንጨት ሦስት ጊዜ ተመታ። ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

ትሕትና ትከሻዋን ሰበቀች። «ሶሪ፣ እማዬ።»

እህተማርያም ፎጣውን እንደያዘች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከሃያ ዘጠኝ ቀን በኋላ መቀመጧ ነው።

«አንድ ጊዜ ድገሚው» አለቻት።